ጆን ሎይድ ስቲፈንስ

ተማሪዎች ሆይ፣ ካርታችሁን ዘርግታችሁ ሜክሲኮን ተመልከቱ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ባሕር ውስጥ የገባ ምድር ታገኛላችሁ፤ ስሙም ዩካታን ይባላል። በምሥራቃዊ ጠረፉ፣ በካሪብያን ባሕር ዳር፣ ነጭ አሸዋ ተነጥፏል። ከአሸዋው ራቅ ብሎ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በዘመናት ብዛት የገነቡት አለት ከውኃው በታች እስከ ሆንዱራስ ድረስ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ከባሕሩ በላይ ባለው ገደል ላይ ደግሞ ቱሉም የተባለው፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረው የማያ ሕዝብ ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ይታያል። ቱሉምንና መሰሎቹን ለዓለም አንባቢ ካስተዋወቁት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ጆን ሎይድ ስቲፈንስ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ስታነቡ በጎ ሥራውንና ስሕተቱን ለይታችሁ መዝኑ።

ስቲፈንስ በ1805 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ተወለደ። (በዚህ ምንባብ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። ነገር ግን ጉሮሮውን በመታመሙ በሐኪም ምክር በ1834 ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ከዚያም አልፎ ግብፅንና የፔትራን ፍርስራሽ ጎበኘ። ያየውን ጽፎ በ1837 ባሳተመ ጊዜ መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ። ፍሬድሪክ ካዘርውድ ከተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊና የሕንፃ ነዳፊ ጋር የተዋወቀውም በዚሁ ጉዞ፣ ለንደን ላይ ነበር።

በ1839 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ስቲፈንስን የመካከለኛው አሜሪካ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። ያ መንግሥት በእርስ በርስ ጦርነት እየፈራረሰ ስለ ነበር መልእክቱን የሚቀበለው ባለ ሥልጣን አላገኘም። እርሱ ግን ካዘርውድን አስከትሎ ነበርና በሆንዱራስ ደን ውስጥ የተሰወረውን ኮፓን የተባለ ጥንታዊ ከተማ ፍለጋ ሄደ። በዚያም የዛፍ ሥር ያቀፋቸውን ቅርጸ ብዙ ሐውልቶች አገኘ። ሥፍራውንም በ50 ዶላር ገዛው። ካዘርውድ ትንኝ እንዳይነድፈው ጓንት አጥልቆ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እያንዳንዱን ቅርጽ በጥንቃቄ ሣለ። ከዚያም በሜክሲኮ ፓሌንኬን ጎብኝተው በ1840 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚያን ዘመን ብዙ ሰዎች እነዚህን ከተሞች ግብፃውያን፣ ፊንቄያውያን ወይም የጠፉት የእስራኤል ነገዶች እንደ ሠሯቸው ይናገሩ ነበር። በአካባቢው የሚኖሩት ድኾች ገበሬዎች እንዲህ ያለ ጥበብ ከአባቶቻቸው ሊወርሱ እንደማይችሉ አድርገው ያስቡ ስለ ነበር ነው። ስቲፈንስ ግን ግብፅን በዓይኑ አይቶ ነበርና ለማነጻጸር ቻለ። የግብፁ ፒራሚድ በራሱ የተሟላ ሕንፃ ሲሆን፣ የማያው ፒራሚድ ግን በላዩ ለሚቆመው ቤተ መቅደስ መሠረት መሆኑን ልብ አለ። ስለዚህ ገንቢዎቹ የእነዚያው ገበሬዎች ቅድመ አያቶች ናቸው ሲል ደመደመ። በሐውልቶቹ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈትም ታሪካቸው እንደሚሆን ገመተ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጽሕፈቱ እየተነበበ ሲሄድ፣ የነገሥታት ልደት፣ ንግሥናና ጦርነት ተመዝግቦበት ተገኘ። ግምቱ ትክክል ነበር።

በ1841 ሁለቱ ወዳጆች ወደ ዩካታን ተመለሱ። ወባ እየጣላቸው፣ እየተነሡም፣ ኡሽማልንና ቺቼን ኢትዛን አዩ። በ1842 በጀልባ በምሥራቁ ጠረፍ ተጉዘው ኮዙሜል ደሴትንና ቱሉምን ጎበኙ። ቱሉምን የወረሰውን ዛፍ አስቆርጠው ሕንፃዎቹን ለኩ፤ የትንኙ ብዛት ግን እንቅልፍ ነሥቶ ከሥፍራው አባረራቸው። በዚህ ጉዞ የታዩት 44 ጥንታዊ ሥፍራዎች በ1843 በታተመው መጽሐፍ ተገልጸዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብላችሁ አስቡ። ስቲፈንስ በኒው ዮርክ ቤተ መዘክር ለማቋቋም ይመኝ ነበርና ከኡሽማልና ከካባ የተቀረጹ የእንጨት ጉበኖችን አስነቅሎ ወሰደ። ፈቃድ የተጠየቀው ባለ መሬቱ እንጂ የሠሪዎቹ ልጆች አልነበሩም። ጉበኖቹም በካዘርውድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ተቀምጠው ሳሉ፣ በሐምሌ ወር 1842 አዳራሹ በእሳት ሲጋይ አብረው ተቃጠሉ። በበራቸው ላይ ብዙ መቶ ዓመታት የቆዩት እንጨቶች በባዕድ አገር ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

ስቲፈንስ በኋላ የፓናማን የባቡር ሐዲድ የሚሠራውን ኩባንያ መራ። ሐዲዱ በ1855 ተፈጸመ፤ እርሱ ግን በሕመም ተዳክሞ በ1852 በ46 ዓመቱ ኒው ዮርክ ላይ ሞተ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ይህ ሰው በብዕሩ የማያን ሕዝብ የጥበቡ ባለቤት መሆን መሰከረ፤ በእጁ ግን የዚያኑ ሕዝብ ቅርስ ከቦታው አነሣ። ብዕሩ የጻፈው ዛሬም ይነበባል፤ እጁ ያነሣቸው የእንጨት ጉበኖች ግን አመድ ሆነዋል። እናንተም ጥንታዊ ሥፍራ ስትጎበኙ ያያችሁትን ጻፉ፣ ሣሉ፣ ለሌሎችም አስረዱ፤ ድንጋዩን ግን በቦታው ተዉት።