የቁጥሮቹ መዝገብ ያዥ፡ ጆን ፖስቴል

በቀበሌ ያለ ቤት ቁጥር እንዳለው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒዩተርም ቁጥር አለው። ቁጥሩ ባይኖር ኢ-ሜይሉም፣ ዜናውም፣ ፎቶውም የሚደርስበት ቤት አይገኝም ነበር። ለመሆኑ እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ያደላቸው ማን ነው? ብዙዎቻችን የቢል ጌትስን ስም እንጂ የዚህን ሰው ስም አናውቅም። ጆን ፖስቴል ይባላል። ከሞተ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ታሪኩ ከኛ ሙያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ደግሞ መጨረሻ ላይ እናየዋለን።

ትውልድና ትምህርት

ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1943 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት አልታዴና በምትባል ስፍራ ተወለደ። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛ ደረጃን የተማረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቫን ናይስ በሚባል ት/ቤት ነው። የሚገርመው ነገር ቪንት ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም የወጡት ከዚሁ ት/ቤት ነው። ሦስቱም ኋላ ላይ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ተገናኙ። ፖስቴል ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1966፣ ማስተርሱን በ1968 ካገኘ በኋላ በ1974 በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክትሬቱን ያዘ።

ተማሪ እያለ የሚሠራው በፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ ላቦራቶሪ ነበር። ያ ላቦራቶሪ የኢንተርኔት አባት የሆነው የአርፓኔት ኔትወርክ የመጀመሪያ ጣቢያ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከዚያ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሁለት ፊደል ብቻ እንደደረሰ የወዲያኛው ማሽን ቀጥ አለ። በኋላ ግን ተሳካ። እንግዲህ ዛሬ ዓለምን ያጥለቀለቀው ነገር እንዲህ እየተንገዳገደ ነው የተነሳው።

መዝገቡ እንዴት ተጀመረ?

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ስቲቭ ክሮከር አርኤፍሲ የሚባሉትን ጽሑፎች ጀመረ። ሐሳብ ያለው ይጽፋል፣ ሌላው አንብቦ ይተቻል፣ ያርማል። ስሙ ራሱ አስተያየት መጠየቂያ እንደማለት ነው። ኢንተርኔት የሚሠራባቸው ደንቦች በሙሉ ማለት ይቻላል የተጻፉት በነዚህ ነው። የጽሑፎቹ አርታኢ ታዲያ ፖስቴል ሆነ። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለ28 ዓመታት ያህል ሠራበት። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች አርታኢ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ጋዜጣ ነው። ለካስ ኢንተርኔትም አርታኢ ነበረው!

ኮምፒዩተሮች እየበዙ ሲሄዱ ሌላ ችግር መጣ። ለየትኛው አገልግሎት የትኛው ቁጥር እንደሚሰጥ የሚወስን ሰው አልነበረም። ሁሉም እንደፈለገው ቁጥር ከያዘ ደግሞ መደነጋገር ነው። ሜይ 1972 ላይ ፖስቴል ቁጥር የሚያድል አንድ ሰው እንዲኖር፣ ምናልባትም ያ ሰው እሱ ራሱ እንዲሆን በጽሑፍ ሐሳብ አቀረበ። ሥራው በሱ እጅ ቀረ። በ1977 ማሪና ዴል ሬይ በሚገኘው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ተቀጥሮ ከሄደ በኋላም መዝገቡን እዚያው ሆኖ ቀጠለ። ጆይስ ሬይኖልድስ የምትባል ባልደረባው ለብዙ ዓመታት አብራው ሠርታለች።

ኋላ ላይ ሥራው አያና የሚል ስም ወጣለት። ስሙ የኛን አገር ሰው ስም ቢመስልም የኢንተርኔት ቁጥር አዳይ ባለሥልጣን ማለት ነው። ባለሥልጣን ሲባል ትልቅ ሕንፃና ዘበኛ እንዳይመስላችሁ። ለረጅም ጊዜ ባለሥልጣኑ ማለት ጢሙን ያሳደገ፣ ሰንደል ጫማ የሚያደርግና በተራራ ላይ መጓዝ የሚወድ አንድ ሰው ከጥቂት ረዳቶቹ ጋር ነበር። የእድር ጸሐፊ አስቡ። ሰው መዝገቡን የሚያምነው ጸሐፊው ጉልበት ስላለው ሳይሆን መዝገቡን ሳያጭበረብር ስለሚይዝ ነው። የፖስቴል ሥልጣንም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

አድራሻና በር

ሴፕቴምበር 1981 ላይ ኢንተርኔት እስከ ዛሬ የሚሠራባቸው ዋና ዋና ደንቦች በፖስቴል አርታኢነት ወጡ። በደንቡ መሠረት የአንድ ማሽን አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ሆኖ ይጻፋል። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ነው። ሁሉም ሲደመር 4,294,967,296 አድራሻ ይሆናል። በጊዜው ይህ ቁጥር የማያልቅ ነበር የሚመስለው። ግን አለቀ። ፌብሩዋሪ 2011 ላይ አያና የመጨረሻዎቹን ትልልቅ ክፍሎች አደለ።

አድራሻ ቤቱ ከሆነ ፖርት የሚባለው ደግሞ የቤቱ በር ነው። አንድ ማሽን ከ65,000 በላይ በሮች ሊኖሩት ይችላል። በር 21 ፋይል ማስተላለፊያ፣ በር 25 ኢ-ሜይል መቀበያ፣ በር 53 ስም መጠየቂያ ሆነው ተመደቡ። ድረ ገጽ ሲመጣ በር 80 ተሰጠው። ይህ ሁሉ ፖስቴል በሚይዘው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለማንም ይታይ ነበር። መዝገብ ተደብቆ ምን ይሠራል? ጥቅሙ ሁሉም ሲያየው ነው።

ፖስቴል በ1980 በጻፈው ደንብ ላይ አንድ ታዋቂ መርሕ አስቀምጦ ነበር። አንድ ማሽን ሲልክ ጥንቁቅ፣ ሲቀበል ደግሞ ለጋስ እንዲሆን የሚያሳስብ ነው። በ1982 የኢ-ሜይልን ደንብ ሲጽፍም ያው መንፈስ አለበት። አንድ ሰርቨር የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ሌላው ያሳልፋል። ለመንገደኛ ውሃ እንደማቀበል ማለት ነው። በ1983 ደግሞ ሁለት ትንንሽ የመሞከሪያ አገልግሎቶችን ጻፈ። አንደኛው የተላከለትን መልሶ ይልካል። ሁለተኛው ሲነኩት ፊደል ያዘንባል። መስመር መሥራቱን ለማረጋገጥ ጥሩ ናቸው።

ፖስቴል የዋህ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ገና ኖቬምበር 1975 ላይ ስለማይፈለግ መልእክት ችግር አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። አንድ ማሽን የማይፈልገውን መልእክት አልቀበልም የሚልበት መንገድ እንደሌለው አስጠንቅቋል። ችግሩን አስቀድሞ አይቶታል። ግን በሩን ከመዝጋት ይልቅ ሰውን ማመን መረጠ።

በር አንኳኪዎቹ

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም ከማሽን ወደ ማሽን ራሱን እያባዛ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን አንበረከከ። ሞሪስ በ1990 ሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ተፈረደበት። ፖስቴል አባል የነበረበት የኢንተርኔት ቦርድም ጃንዋሪ 1989 ላይ ስለ ኢንተርኔት ሥነ ምግባር መግለጫ አወጣ።

በ1996 እነዚያ ሁለት የመሞከሪያ አገልግሎቶች መጫወቻ ሆኑ። አንድ ተንኮለኛ የላኪውን አድራሻ አስመስሎ አንድ መልእክት ሲልክ፣ ፊደል አዝናቢው መልሶ ላኪውን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ያለ ማቋረጥ ሲመላለሱ መስመሩ ይታነቃል። ደብዳቤ አሳላፊ ሰርቨሮችም የማስታወቂያ ላኪዎች መፈንጫ ሆኑ። ፌብሩዋሪ 1999 ላይ ሰርቨሮች የማያውቁትን ሰው ደብዳቤ እንዳያሳልፉ የሚመክር አርኤፍሲ ወጣ። ፖስቴል ይህን ለማየት አልቆየም።

ደብዳቤ አሳላፊዎቹ ሲዘጉ ፈላጊው ፊቱን ወደ ክፍት ፕሮክሲ ሰርቨር አዞረ። ፕሮክሲ ማለት በሌላው ፈንታ ሄዶ ገጽ የሚያመጣ ማሽን ነው። አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ብሎ ያቆመዋል። አጥሩን ሳያጥር ከቀረ ግን የትም ያለ ሰው ይጠቀምበታል። እንዴት ይገኛል? አንድ ፕሮግራም የአድራሻ ክልል ይሰጠዋል። ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው እየሄደ ፕሮክሲ የሚለመድባቸውን በሮች ያንኳኳል። የተከፈተለት ካለ እስቲ ይህን ገጽ አምጣልኝ ይለዋል። ካመጣ ክፍት ነው፣ ይመዘገባል። ክልሉን መምረጥም አይከብድም፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው አገር እንደተሰጠ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው። ለምሳሌ አገራችን ካሉት አድራሻዎች ብዙዎቹ በ196 እና በ197 ይጀምራሉ። በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዚማፕ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ በፈጣን መስመር የዓለምን አድራሻ በሙሉ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያንኳኳል።

ልብ በሉ፣ ሁሉም አንኳኪ ሌባ አይደለም። ተመራማሪ አንኳኩቶ ባለቤቱን በርህ ክፍት ነው ብሎ ይነግረዋል። ሌባ ደግሞ አንኳኩቶ ዝም ይላል። መሣሪያው አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሰውዬው ነው።

የ1998ቱ ሙከራና ሞቱ

ፖስቴል ራሱ እምነትን አንድ ጊዜ በጣም ወጥሮታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስምና ቁጥር ትልቅ ገንዘብ ሆነ። ማን ይቆጣጠረው የሚለው ጥያቄም የአሜሪካን መንግሥት ማነጋገር ጀመረ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ፖስቴል የኢንተርኔትን የስም መዝገብ ለሚያቀርቡ ስምንት ዋና ሰርቨሮች ኃላፊዎች ኢ-ሜይል ጻፈ። መዝገቡን ከኩባንያው ማሽን መውሰዱን ትተው ከሱ ማሽን እንዲወስዱ ጠየቃቸው። ስምንቱም እሺ አሉት። ትእዛዝ የለ፣ ደመወዝ የለ፣ እሱ ስለጠየቀ ብቻ! የመንግሥት ባለሥልጣናት ሲሰሙ ደነገጡ። እንዲመልሰው ተነገረው፣ በቀናት ውስጥም መለሰው። እሱ ሙከራ ነበር አለ። ሌሎች ግን ኃይሉን ሊያሳይ ነው ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንደኔ አስተያየት ቀኑ ያሳየን አንድ ትልቅ ነገር አለ። የዓለም መገናኛ በአንድ ሰው መልካም ስም ላይ ቆሞ ነበር። መልካም ስም ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ሟች ነው።

ከዚያ በኋላ ፖስቴል ሥራውን የሚረከብ አይካን የተባለ ድርጅት እንዲቋቋም ደከመ። ድርጅቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ተመዘገበ። ፖስቴል ኦክቶበር 16 ቀን 1998 ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 55 ነበር። የሐዘን ጽሑፉን የጻፈው የትምህርት ቤት ጓደኛው ቪንት ሰርፍ ነው። ጽሑፉ የወጣውም ፖስቴል ዕድሜውን ሙሉ ባረማቸው በአርኤፍሲዎቹ መካከል፣ ቁጥር ተሰጥቶት ነው።

ለኛ ምን ይነግረናል?

አገራችን ውስጥ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በርካታ የዜናና የአስተያየት ድረ ገጾች ተዘግተው ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 የሚሆኑትን መክፈቱን አስታወቀ። በነዚያ ዓመታት ማንበብ የፈለገ ሰው ፕሮክሲ ይፈልግ ነበር። ማንበብ መፈለጉ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በአንኳኪ ፕሮግራም የተገኘ ክፍት ፕሮክሲ የማን ቤት እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት ያላወቀ የክሊኒክ ወይም የት/ቤት ማሽን ነው። በሱ በኩል ጥፋት ቢሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ክሊኒክ ነው። ወይም ደግሞ ሆን ተብሎ የተከፈተ ወጥመድ ነው። ባለቤቱ ባልተመሰጠረ ገጽ የሚያልፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልም ቢሆን፣ ቁጭ ብሎ ያነባል። የተመሰጠረ ቢሆን እንኳን ማን ወዴት እንደሄደ ያያል። ለአንድ ጋዜጠኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የምንጩ ስም በዚያ በር ካለፈ የሚጎዳው ጋዜጠኛው ብቻ አይሆንም፣ አምኖ የነገረው ሰው ጭምር ነው።

ፖስቴል ቁጥሮቹን ለሁሉም በግልጽ ያስቀመጠው ሰው ከሰው እንዲገናኝ ነበር። ያንኑ መዝገብ ይዞ የሰው በር የሚነካካም አልጠፋም። መዝገቡን መደበቅ ግን መፍትሔ አይሆንም፣ ያለ መዝገብ ማንም ማንንም አያገኝም። የሚያዋጣው ባለቤቱ በሩን መጠበቁና አንኳኪው ሳይፈቀድለት አለመግባቱ ነው። እኛም ነገ የሰው ስምና ስልክ የሞላበት ማስታወሻ ደብተር እንይዛለን። እሱም መዝገብ ነው። ፖስቴል የራሱን መዝገብ ወደ 30 ዓመት ገደማ ሲይዝ ሰው ያመነው በአያያዙ ነው፣ እኛንም ሰው የሚመዝነን በዚሁ ነው።

ቸር እንሰንብት።