በዝግተኛ ዜማ ግፍን ያጋለጠችው ድምጻዊት - ቢሊ ሆሊዴይ

አሜሪካዊቷ የጃዝ ድምጻዊት ቢሊ ሆሊዴይ ባላድ እየተባለ በሚጠራው ዝግተኛ ዜማ በጥቁሮች ላይ ይፈጸም የነበረውን ግፍ በማጋለጥ በሙዚቃው ዓለም ሕያው ስም ትታ አልፋለች።

በትውልድ ስሟ ኤሊኖራ ፌገን የምትባለው ድምጻዊቷ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1915 በፊላደልፊያ ከተማ ተወልዳ ልጅነቷን በባልቲሞር በችግር አሳልፋለች። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ወደ ኒውዮርክ በማቅናት በሐርለም የምሽት ክበቦች ማዜም ጀመረች።

በ1933 የሙዚቃ ፕሮዲዩሰሩ ጆን ሃመንድ ድምጿን ሰምቶ የመጀመሪያ ሸክላዋን እንድታስቀርጽ አደረገ። ከ1935 ጀምሮ ከፒያኖ ተጫዋቹ ቴዲ ዊልሰን ጋር ያስቀረጸቻቸው ዜማዎች ታዋቂነትን አስገኙላት። በ1937 ከካውንት ቤዚ፣ በ1938 ደግሞ አባላቱ ነጮች ከነበሩት የአርቲ ሾው ኦርኬስትራ ጋር ሠርታለች።

የድምጿ ስፋት ውስን ቢሆንም ከሌሎች የምትለይበት ስልት ነበራት። አጃቢዎቿ ምቱን ጠብቀው ሲጫወቱ እርሷ ከምቱ ጥቂት ወደኋላ በመዘግየት ቃሉን ታሳርፍ ስለነበር፣ ግጥሙ እንደ ንግግር ጎልቶ ይሰማ ነበር።

ይህ ስልት ከፍተኛ ውጤት ያስገኘው በ1939 ጥቁርና ነጭ ታዳሚዎች በአንድነት ይቀመጡበት በነበረው ካፌ ሶሳይቲ በተሰኘው የኒውዮርክ ክበብ ባቀረበችው “እንግዳ ፍሬ” በተሰኘ ዜማ ነው። የግጥሙ ደራሲ የኒውዮርክ መምህር የነበረው አቤል ሚሮፖል ሲሆን፣ ጉዳዩም በደቡባዊ አሜሪካ ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ ተይዘው በዛፍ ላይ መሰቀላቸው ነበር።

ዜማው ቢ ፍላት ማይነር በተባለው የትካዜ ቅኝት የተቃኘ ሲሆን፣ ምቱ ለጭፈራ የማይመች እጅግ ዝግተኛ ነው። በሸክላው ላይ የድምጻዊቷ ድምጽ እስኪሰማ ድረስ መሣሪያዎቹ ከአንድ ደቂቃ በላይ ብቻቸውን ይጫወታሉ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ባለመጮኋ አድማጩ ከቃሉ የሚሸሽበት ቦታ አያገኝም።

በክበቡም ዜማው በሚቀርብበት ጊዜ አስተናጋጆች ሥራቸውን ያቆሙ፣ መብራቶችም ጠፍተው በፊቷ ላይ አንድ ብርሃን ብቻ ይበራ ነበር። ዜማው እንዳበቃ ክበቡ ጨለማ ይውጠዋል፤ ድምጻዊቷም ለጭብጨባ ሳትመለስ መድረኩን ትለቅ ነበር።

ድምጻዊቷ ትሠራበት የነበረው ኮሎምቢያ ኩባንያ ዜማውን ለማስቀረጽ ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1939 ኮሞዶር በተባለ አነስተኛ አሳታሚ ተቀርጿል። በግለ ታሪኳ እንዳሰፈረችው ዜማው በ1937 በቴክሳስ በዘር አድልዎ ምክንያት ሕክምና ተነፍጎ የሞተውን ጊታር ተጫዋች አባቷን ያስታውሳት ነበር።

የቢሊ ሆሊዴይ ሕይወት በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተፈተነ ነበር። በ1947 በዚሁ ወንጀል ተፈርዶባት ከታሰረች በኋላ፣ የኒውዮርክ ከተማ መጠጥ በሚሸጥባቸው ክበቦች ለማዜም የሚያስፈልገውን የሥራ ፈቃድ ነፈጋት። በመጋቢት ወር 1948 ፈቃድ በማያስፈልገው በካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበችው ኮንሰርት በታዳሚ ቢሞላም፣ የኒውዮርክ ክበቦች የሥራ ፈቃዷን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልመለሰላትም።

ድምጻዊቷ በ1959 በኒውዮርክ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች በአደንዛዥ ዕፅ ይዞታ ተከሳ በሕመም አልጋዋ ላይ በፖሊስ እንድትጠበቅ ተደርጓል። ጁላይ 17 ቀን 1959 በ44 ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።

ሥራዋን የነፈጋት የፈቃድ ሥርዓት በ1967 ተሰርዟል። ያዜመችለት ጉዳይ ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቷል። በመንጋ መግደልን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርገው የአሜሪካ ሕግ የጸደቀው በመጋቢት ወር 2022፣ ዜማው ከተቀረጸ ከ82 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ነው።