አለቃ ታየና የታተመው መጽሐፍ
ሰልጣኞች! ነገ መካነ ኢየሱስ ተመድባችሁ አዲስ የማስተማሪያ መሣሪያ ይዛችሁ ክፍል ትገቡ ይሆናል። የዚያው አካባቢ ሰው አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ከናንተ ቀድመዋል።

በ1853 ዓ.ም. በበጌምድር፣ ይፋግ ተወለዱ። ያኔ መጽሐፍ ማለት ብራና ነው፤ ቆዳ ተፍቆ በእጅ ሲጻፍ ለየልጁ ከየት ይመጣል? አለቃ ግን ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ማተሚያ መኪና አገኙ። ቅኔም ተምረው ነበርና የየኔታን ሰዋስው በአማርኛ አሰናድተው በ1889 ዓ.ም. እዚያው አሳተሙት። በቃል ይወርድ የነበረው ትምህርት ተማሪው እጅ ገባ። ኋላም በርሊን ሄደው ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል።

ታዲያ መኪናው የመጣው ከሚሲዮን ጋር ነውና፣ በመናፍቅነት ተከሰሱ። እሳቸው ግን መጻፉን አልተዉም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. ታተመ፤ በ1916 ዓ.ም. አረፉ።