ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ትምህርት የዕድል ጉዳይ ሆኖ እንዳይቀር የደከሙ አገልጋይ

የትምህርት ተደራሽነት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ማን ይማር፣ በየትኛው ቋንቋ ይማር፣ ከዋና ከተማው ርቆ ለሚኖረው ሕዝብስ ማን ይድረስለት የሚሉ ጥያቄዎች አብረው ይነሳሉ። ጥያቄዎቹ አዲስ አይደሉም። ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ በተጀመረባቸው ዓመታትም ሲያከራክሩ ቆይተዋል። በዚያ ዘመን ለእነዚህ ጥያቄዎች በሥራ መልስ ለመስጠት ከጣሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1858 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ገና የሦስት ዓመት ዕድሜ እንኳ ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። በዚያ ግርግር ከወላጆቻቸው ተለይተው በጦሩ መኮንኖች እጅ ገቡ። ጦሩ ወደ ቀይ ባሕር የተመለሰው ከሰቆጣ በስተምሥራቅ በሚገኘው የአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በሚያልፈው የደጋ መንገድ ነው። ዋግንና ላስታን ያስተዳድሩ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜም በዚያው ዓመት ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

በዚያ ዘመን በሰቆጣና በአካባቢዋ ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ከፊደልና ከዳዊት አልፎ ዜማና ቅኔ ለመማር የሚሻ ወጣት ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ እህል እየለመነ ከደብር ደብር መዞር ነበረበት። ለሴቶች ልጆች ይህ በር በአብዛኛው ዝግ ነበር። ሕፃኑ ወርቅነህ ግን በምርኮ ሰበብ ፍጹም የተለየ የትምህርት መንገድ ገጠማቸው።

ወደ ሕንድ ተወስደው በእንግሊዛውያን መኮንኖች ድጋፍ ያደጉ ሲሆን፣ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስምም ተሰጣቸው። በላሆር ሕክምና አጥንተው ካጠናቀቁ በኋላ ትምህርታቸውን በስኮትላንድ አሻሽለው በበርማ በሐኪምነት አገልግለዋል። የአድዋ ድል በተገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ አበባ ሲገቡ ዘመዶቻቸው ለይተዋቸዋል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ግን ጠፍቶባቸው ስለነበር አማርኛን እንደገና መማር ግድ ሆኖባቸዋል። የተማሩት ዕውቀት ከወገን ያራቃቸው መሆኑን በራሳቸው ሕይወት የተገነዘቡት ሐኪም ወርቅነህ፣ ጂኦግራፊን በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፍ አዘጋጅተው ማሳተማቸው ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚታይ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲያስከፍቱ ከቤተ ክህነት በኩል ብርቱ ተቃውሞ ቀርቦ ነበር። የባዕድ ትምህርት የባዕድ ሃይማኖት ያስገባል የሚለው ስጋት የተቃውሞው ዋና ምክንያት ነበር። አለመግባባቱ የተፈታውም መምህራኑ የአንድ እምነት ተከታይ ከሆኑት ከግብፅ ኮፕቶች እንዲመጡ በመደረጉ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሐኪም ወርቅነህ በትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊነት ተሾሙ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ዘመናዊ ትምህርት ያስፈልጋል ወይ ከሚለው ይልቅ ለማን ይድረስ ወደሚለው መሸጋገር ጀምሮ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ ለዚህ የሰጡት ምላሽ ግልጽ ነበር። የባሪያ ነፃነት አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነፃ ለወጡ ልጆች በተቋቋመው ትምህርት ቤት ኃላፊነትም ሠርተዋል። ነፃነት በአዋጅ ቢሰጥም ዕውቀትና ሙያ ካልታከለበት ሰውን ራሱን እንደማያስችለው የተረዱ በመሆናቸው ለመኳንንት ልጆች የተከፈተው በር ለእነዚህ ልጆችም እንዲከፈት ጥረዋል።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ሲሾሙ ሥራውን ከዋና ከተማው ውጭ ለማስፋፋት ዕድል አገኙ። ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአስበ ተፈሪ ከተማ መቀመጫቸውን አድርገው መንገድ አሠርተዋል፤ ትምህርት ቤት አስከፍተዋል። ባለሥልጣናቱም ከገበሬው በሚሰበስቡት ፈንታ በደመወዝ እንዲተዳደሩ በማድረግ ጨርጨር በዘመኑ ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ተብሎ እንዲታይ አስችለዋል። ይሁንና ይህ ሁሉ በአንድ ገዥ ትጋት ላይ የተመሠረተ ነበር። ተመሳሳይ ገዥ ያልደረሳቸው አውራጃዎች ተመሳሳይ አገልግሎት አላገኙም።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። በወረራው ዘመን የሀገራቸውን አቤቱታ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲያሰሙ ቆይተዋል። በእንግሊዝ ሀገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ከፈጇቸው ምሁራን መካከል ነበሩ። ወረራው ትምህርት ቤቶችን ከመዝጋት አልፎ የተማረውን ትውልድ ጭምር ማጥፋቱን ሐኪም ወርቅነህ በገዛ ልጆቻቸው ሞት አዩት። ከነፃነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ሕፃን ሳሉ ከሀገር የወጡበት መንገድ በሚያልፍበት ደጋ ምድር ዛሬም ሕያው ናቸው። በዋግ ኽምራ ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኽምጣና እንዲማሩ መደረጉ በየትኛው ቋንቋ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ ነው። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለማስቀረት ያለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ለመማር ብቁ አእምሮና አካል አስቀድሞ እንደሚያስፈልግ አመልክቷል። በአንጻሩ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት በዞኑ ትምህርት ቤቶች ላይ ጉዳት አድርሷል፤ ነዋሪዎችንም አፈናቅሏል።

የጨርጨር ተሞክሮ ለመንግሥት ሠራተኛው የሚያስተላልፈው ትምህርት አለ። አንድ ትጉህ ኃላፊ ትምህርት ቤት ሊያስከፍት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ኃላፊው ሲቀየርም እንዳይዘጋ የሚያደርገው ግን በጀቱ፣ መምህሩና አሠራሩ ከግለሰብ ፈቃድ ነፃ ሆነው ሲደራጁ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ትምህርት ያገኙት በአጋጣሚ ነበር። የደከሙትም ከእርሳቸው በኋላ የሚመጣው ሕፃን አጋጣሚን እንዳይጠብቅ ነው።