ፍራንሲስ ፐርኪንስና የደመወዝ ወለል ክርክር

መንግሥት ዝቅተኛውን ደመወዝ በሕግ ሊወስን ይገባዋል ወይስ ደመወዙን ለገበያ ትቶ የተቸገረውን በድጎማ ቢረዳ ይበቃዋል የሚለው ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ምሁራንን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በአሜሪካ ክርክሩ ሕጋዊ ምላሽ ያገኘው በ1930ዎቹ ነው (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በምላሹ ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው ፍራንሲስ ፐርኪንስ ሁለቱን መንገዶች የአንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች አድርገው ይመለከቷቸው ነበር።

ፐርኪንስ በ1880 በቦስተን ተወለዱ። በ1902 ከማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ተመረቁ፤ በ1910 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በኒውዮርክ የሸማቾች ሊግ ውስጥ በማገልገል ላይ ሳሉ፣ ማርች 25 ቀን 1911 በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በተነሣው ቃጠሎ 146 ሠራተኞች ሲያልቁ በስፍራው ተገኝተው ተመለከቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ በስደት የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ አንደኛው መውጫ በርም ተቆልፎ ነበር። ፐርኪንስ የሠራተኛን ደኅንነት ለአሠሪው በጎ ፈቃድ መተው እንደማይቻል አምነው ትኩረታቸውን ወደ ሕግ አዞሩ። በ1912 የሴቶችን የሥራ ሳምንት በ54 ሰዓት የሚገድበው የኒውዮርክ ሕግ እንዲጸድቅ ሲጥሩ፣ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ ሠራተኞች ከሕጉ ውጭ ቢደረጉም ስምምነቱን ተቀበሉ። የተገኘውን ይዞ የቀረውን ለነገ ማሳደር ከዚያ በኋላም የአሠራራቸው መለያ ሆነ።

በ1933 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሲሾሟቸው፣ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የካቢኔ አባል ሆኑ። ሹመቱን ከመቀበላቸው በፊት የደመወዝ ወለልን፣ የሥራ ሰዓት ገደብን፣ የሕፃናት ጉልበት እገዳን፣ የሥራ አጥነትና የእርጅና መድንን ዓላማቸው አድርገው ለፕሬዚዳንቱ አቅርበው ነበር። በሊቀመንበርነት የመሩት ኮሚቴ ያዘጋጀው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ኦገስት 14 ቀን 1935 ጸደቀ።

የደመወዙ ጉዳይ ግን በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሴቶችን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስኑ ሕጎችን በ1923 እና በ1936 የሻረ ሲሆን፣ በ1937 የዋሽንግተን ግዛትን ሕግ በማጽናት አቋሙን ለወጠ። በተከፈተው በር የ1938ቱ ሕግ አለፈ። ሕጉ የሰዓት ክፍያውን ወለል 25 ሳንቲም አድርጎ በ7 ዓመት ውስጥ ወደ 40 ሳንቲም እንዲያድግ ደነገገ።

ተቃውሞው ከአንድ ወገን ብቻ አልመጣም። የደቡብ ግዛቶች አሠሪዎች ርካሽ ጉልበት ከሌለ መወዳደር አንችልም አሉ፤ አንዳንድ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችም ወለሉ ውሎ አድሮ ጣሪያ ይሆናል ብለው ሰጉ። በ1946 ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር ሕጉ ምርታማነታቸው ዝቅተኛ የሆኑትን ከሥራ ያስወጣል፣ ድህነትንም በትክክል አያነጣጥርም ሲሉ ተከራከሩ። የደጋፊዎቹ መልስ፣ አሠሪው ለኑሮ የማይበቃ ደመወዝ ሲከፍል ቀሪውን ሸክም ሕዝብ ይሸከማል የሚል ነበር። በዚህ አመለካከት መድን ሥራ ያጣውን ይደግፋል፤ የደመወዝ ወለል ደግሞ የሚሠራውን ከተረጂነት ይጠብቃል።

ሆኖም የ1935ቱ የእርጅና መድንም ሆነ የ1938ቱ ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን አላካተቱም፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱ የደቡብ ተወካዮች ጫና ነው ወይስ የአስተዳደር ችግር በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ከለላው ይበልጥ ያስፈልጋቸው ከነበሩት ብዙዎቹ ውጭ ቀሩ።

ፐርኪንስ እስከ 1945 በሚኒስትርነት አገልግለው፣ በኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተምረው በ1965 አረፉ። የደመወዝ ወለሉ በከፊል ወደ እርሻ ሠራተኞች የደረሰው በ1966ቱ ማሻሻያ፣ ወደ ቤት ሠራተኞች ደግሞ በ1974ቱ ነው። በ1912 ከሕጉ ውጭ የቀሩት የፋብሪካ ሴቶች ብዙ ሳይቆዩ ተካተው ነበር፤ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባቸው።