ፍሪትዝ ሃበር፤ ማዳበሪያውና መለኪያው

የፍሪትዝ ሃበር ስም ሲነሣ የሚታወሰው ከአየር የተገኘው ማዳበሪያና በጦር ሜዳ የተለቀቀው መርዝ ነው። ዛሬ የወንዝና የሐይቅ ውኃ ለሚመረመርባቸው መሣሪያዎች መንገድ የጠረገው ሥራው ግን እምብዛም አይወሳም።

ሃበር በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሬስላው ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። በካርልስሩሄ ሲያስተምር፣ በ1909፣ ከወጣቱ ፖላንዳዊ ከዚግሙንት ክሌመንሲየቪች ጋር ስለ ብርጭቆ ኤሌክትሮድ ጥናት አሳተመ። እጅግ የሳሳ ብርጭቆ አሲድነታቸው የተለያየ ሁለት ፈሳሾችን ሲለይ በሁለቱ ገጾቹ መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን ዐሥር እጥፍ በተለወጠ ቁጥር ቮልቴጁ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 59 ሚሊቮልት ያህል ይለወጣል። ክሥተቱን ማክስ ክሬመር በ1906 ተመልክቶት ነበር፤ ወደ መለኪያነት የመሩት ግን ሁለቱ ናቸው።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሃበር ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት አዋሕዶ የአሞንያ ጠብታ ለፋብሪካ ሰዎች አሳየ። ካርል ቦሽ ዘዴውን ለፋብሪካ አበቃው፤ በ1913 በኦፓው ምርት ተጀመረ። ከጊዜ በኋላ የእህል ምርት በብዙ አገሮች አደገ፤ ሰብል ያልወሰደው ናይትሬት ግን በዝናብ እየታጠበ ወደ ጕድጓድና ወደ ሐይቅ ገባ።

በ1915 በኢፕር ግንባር የክሎሪን ጋዝ ሲለቀቅ ሥራውን የመራው ሃበር ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ባለቤቱ ክላራ ኢመርቫር፣ እርሷም የኬሚስትሪ ዶክተር፣ ሕይወቷን አጠፋች። ይህን የሚያልፍ የሃበር ታሪክ ጎደሎ ነው። የ1918 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠውም ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የጀርመንን የካሣ ዕዳ ከባሕር ውኃ በሚጣራ ወርቅ ለማቃለል አሰበ። ውኃ ከብዙ ባሕሮች አስቀድቶ ለዓመታት መረመረ። ቀደምት ተመራማሪዎች በአንድ ቶን ውኃ ጥቂት ሚሊግራም ወርቅ አለ ብለው ነበር፤ እርሱ ያገኘው ከዚያ በሺህ እጥፍ ያህል ያነሰ ሆነ። ውጤቱን ሳይሸሽግ በ1927 አሳተመ። በእጅጉ አናሳ የሆነን ነገር በውኃ ውስጥ መለካት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ማግኘት ያዳግታል።

በ1933 የናዚ መንግሥት አይሁዳውያን ባልደረቦቹን እንዲያባርር ሲጠይቀው ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በጃንዋሪ 1934 በስደት ላይ ሳለ በባዝል ሞተ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ በብርጭቆው ፈንታ ናይትሬትን መርጦ የሚቀበል ገለፈት ያላቸው ኤሌክትሮዶች ተሠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነውን በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት በደቂቃዎች ውስጥ ለመለየት ያስችላሉ፤ ክሎራይድ የበዛበት ውኃ ግን ያሳስታቸዋል።