ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻልና ስድሳዎቹ ቅጂዎች

የአንድ ተመራማሪ ሥራ የሚመዘነው በጽሑፎቹ ብዛት ነው ወይስ ሌሎች ሊመረምሩትና ሊያረጋግጡት በመቻላቸው? ለዚህ ጥያቄ የእስፓኛዊው የነርቭ ሊቅ የሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል ሕይወት መልስ ይሰጣል። ሙያው ከእኛ ከመሐንዲሶች የራቀ ቢመስልም፣ የገጠመው ችግር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካኻል በ1852 በሰሜን እስፓኝ፣ ፔቲያ ዴ አራጎን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ምኞቱ ሠዓሊ መሆን ነበር። የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የነበረው አባቱ ግን ይህን አልወደደም፤ ልጁ በትምህርቱ ባስቸገረ ጊዜም ለፀጉር አስተካካይ፣ ኋላም ለጫማ ሰፊ በተለማማጅነት ሰጠው። በመጨረሻ አባቱ ራሱ የሰውን አጥንት እያሳየ አናቶሚ ቢያስተምረው የሥዕል ፍቅሩና ሕክምናው ተገናኙ። በ1873 በሳራጎሳ ከተመረቀ በኋላ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ወደ ኩባ ዘምቶ፣ በወባ ተጎድቶ በ1875 ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት የነርቭ ሥርዓትን እርስ በርሱ እንደተበየደ የቧንቧ መረብ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ጥቂት ሕዋሳትን ብቻ፣ ነገር ግን ከነቅርንጫፎቻቸው በብር ጨው አጥቁሮ የሚያሳይ ዘዴ አገኘ፤ ሆኖም እሱም በመረቡ አሳብ ጸና። ካኻል ይህን ዘዴ በ1887 ማድሪድ ላይ ከሐኪሙ ከሉዊስ ሲማሮ ዘንድ ተመለከተ። በዚያው ዓመት በባርሴሎና ፕሮፌሰር ሆኖ ማቅለሙን በመደጋገምና የነርቭ ሽፋናቸው ገና ያልዳበረ ጽንሶችንና ግልገል እንስሳትን በመምረጥ ምስሉን አጠራው። ያየውም እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝ እንጂ የማይዋሐድ መሆኑን ነው። ያየውን ሁሉ በገዛ እጁ ሣለው።

ዳሩ ግን ማን ያነብለታል? የእስፓኝ ቋንቋ በዘመኑ የሳይንስ መነጋገሪያ አልነበረም፤ በውጭ ያሉትም መጻሕፍት ቤቶች የአገሩን መጽሔቶች እምብዛም አያውቋቸውም። ስለሆነም በ1888 ከገዛ ኪሱ እያወጣ የሕብረ ሕዋሳት ጥናት የሩብ ዓመት መጽሔት አቋቋመ። የመጀመሪያው እትም ስድሳ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው ለውጭ አገር ሊቃውንት ተላከ። መልስ ግን ቶሎ አልመጣም።

በ1889 ማይክሮስኮፑንና ናሙናዎቹን ይዞ የጀርመን አናቶሚስቶች ማኅበር በርሊን ላይ ወዳደረገው ጉባኤ ሄደ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛ እያስረዳ፣ ተሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ቀርበው እንዲያዩ ጋበዘ። በሙያው ስመ ጥር የነበረው አልበርት ፎን ኮሊከር አይቶ ተረታ፤ የካኻልን ጽሑፎች ለማንበብም የእስፓኝን ቋንቋ እንደተማረ ይነገራል። በ1891 ቪልሄልም ቫልደየር ለነርቭ ሕዋሱ ኒውሮን የሚለውን ስም ሰጠ።

ካኻል ከ1899 እስከ 1904 የሰውና የአከርካሪ እንስሳትን የነርቭ ሥርዓት አወቃቀር የሚገልጸውን ዐቢይ መጽሐፉን አሳተመ። በ1906 የኖቤልን ሽልማት ከጎልጂ ጋር ተካፈለ፤ ጎልጂም በዚያው መድረክ የካኻልን አሳብ ተቃወመ። ካኻል በ1934 ማድሪድ ውስጥ ዐረፈ። በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ክፍተት በግልጽ አሳየ፤ አንዳንድ ሕዋሳት ቀጥተኛ መተላለፊያ እንዳላቸው ኋላ ቢታወቅም፣ መሠረተ አሳቡ ግን ጸንቶ ቆይቷል። በ2017 የካኻል ሰነዶች በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገቡ።

ጎልጂና ካኻል የተጠቀሙበት ዘዴ አንድ ነበር፤ ክርክሩን የፈታው ሌሎች ቀርበው እንዲያዩ መደረጉ ነው። ከእኛም መካከል የአፈር ምርመራ ውጤቱን፣ የተሰነጠቀ ድልድይ ጥናቱን ወይም ያልተሳካ ንድፉን በመሳቢያ ቆልፎ የሚያኖር ባለሙያ አይታጣም። የተቆለፈውን ማንም ሊያርመው አይችልም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስም ያንኑ ስሕተት በአዲስ ወጪ፣ ምናልባትም በሰው ሕይወት ይደግመዋል። ስድሳ ቅጂ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሊመረምረው ከሚችል ሰው እጅ ከገባ ይበቃል።